ዴኩ ከሳሎን ከመውጣቱ በፊት

አዲስ ቴሌቪዥን ወደ ቤት በገባ ቁጥር በብዙ ሳሎኖች አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ስክሪኑ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ ስፒከሮቹ በየማዕዘኑ ከተደረደሩና ገመዱ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ አንድ ዕቃ ቦታ አጥቶ ወለል ላይ ይቀራል፤ የዲቪዲ ማጫወቻው። ልጆች «ይህ ደግሞ ምን ይሠራል?» ይላሉ፤ ፊልሙም ሙዚቃውም በኢንተርኔት ይመጣልና። ወላጆች ግን በአገር ቤት ልማድ «ዴክ» የሚሉትን ይህን ጥቁር ሣጥን ለመጣል እጃቸው እሺ አይላቸውም። ከዴኩ አጠገብ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ «ሠርግ አንደኛ ክፍል»፣ «መልስ»፣ «ክርስትና»፣ «የእማማ አርባ» እየተባለ በማርከር የተጻፈባቸው ዲስኮች ተደርድረዋል።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። ልጆቹ እንደሚሉት ማጫወቻው የትናንት ቴክኖሎጂ ነው። ወላጆቹ እንደሚሰማቸውም በካርቶኑ ውስጥ ያለው ነገር በየትኛውም የኢንተርኔት መደብር አይገኝም። ሁለቱም የሚዘነጉት ግን ዋናውን ጥያቄ ነው። መጠየቅ ያለበት ማጫወቻው አርጅቶ እንደሆነ አይደለም፤ ዲስኮቹ ምን ያህል ጊዜ እንደቀራቸው ነው። የዲቪዲ ማጫወቻ ዛሬም በመኖሪያ ቤት ሲኒማ ውስጥ ቦታ ይገባዋል፤ ቦታ የሚገባው ግን ለትዝታ ሲባል ሳይሆን ያልተጠናቀቀ አንድ ሥራ ስላለበት ነው።

ዲቪዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 መጨረሻ በጃፓን፣ በ1997 ደግሞ በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ዲስኩ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ገጾች ተጣብቀው የሚሠሩት ነው። መረጃው ከመሐል ጀምሮ ወደ ጠርዝ እየተጠማዘዘ በሚሄድ አንድ ረጅም መስመር ላይ ይሰፍራል። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው ዙር መካከል ያለው ርቀት 0.74 ማይክሮ ሜትር ብቻ ስለሆነ በአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ላይ ወደ መቶ የሚጠጉ ዙሮች ይሰለፋሉ። ይህን ረቂቅ ጽሕፈት የሚያነበው 650 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ሌዘር ነው። አንድ ባለ አንድ ንብርብር ዲስክ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ ደግሞ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። ለዘመኑ ይህ ታላቅ እመርታ ነበር፤ በቪኤችኤስ ካሴት ጥራት የለመደ ዓይን ልዩነቱን ለማየት ማስረጃ አላስፈለገውም።

ዛሬ ግን መመዘኛው ተለውጧል። በኢትዮጵያም ሆነ በአብዛኛው አውሮፓ በሚሠራበት ‹ፓል› በተባለው ሥርዓት የአንድ ዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነጥቦች፣ ማለትም 414,720 ነጥቦች አሉት። ‹ፎር ኬ› የሚባለው የአሁኑ ቴሌቪዥን ደግሞ 3,840 በ2,160፣ ማለትም 8,294,400 ነጥቦች ያበራል። ልዩነቱ ልክ ሃያ እጥፍ ነው። ስለዚህ አንድ የዲቪዲ ምስል ሙሉውን ስክሪን እንዲሸፍን ሲደረግ ከእያንዳንዱ ሃያ ነጥብ አሥራ ዘጠኙ ከዲስኩ የመጡ ሳይሆኑ በስሌት የተገመቱ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ወይም ማጫወቻው ይህን ግምት በብልሃት ሊሠራው ይችላል፤ ካሜራው ያላየውን ዝርዝር ግን መፍጠር አይችልም። «አዲሱ ቴሌቪዥን የድሮውን ሠርግ አበላሸው» የሚለው ቅሬታ የሚመጣውም ከዚህ ነው። በእውነቱ ግን ቴሌቪዥኑ ያበላሸው ነገር የለም፤ ትንሹ የድሮ ስክሪን ሸፍኖት የነበረውን ጉድለት አጉልቶ አሳየ እንጂ።

ሆኖም ከጉድለቱ ውስጥ ከፊሉ የዲስኩ ሳይሆን የገመዱና የማስተካከያው ጥፋት ነው፤ ይህም ያለ ምንም ወጪ ሊታረም ይችላል። በብዙ ቤቶች ማጫወቻው አሁንም ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኘው በቢጫው ገመድ ነው። ያ ገመድ ብርሃንንና ቀለምን በአንድ ሽቦ ቀላቅሎ ስለሚያስተላልፍ ቀይ ጥለት ወደ ነጩ የሐበሻ ቀሚስ ይፈስሳል፤ የፊት ጠርዝም ይደበዝዛል። ማጫወቻው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው በእርሱ ማገናኘት፣ አውሮፓ ውስጥ ያለ አሮጌ ማጫወቻና ቴሌቪዥን ደግሞ ሁለቱም ስካርት ካላቸው በዚያ መጠቀም ምስሉን ወዲያው ያጠራዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የምስሉን ቅርፅ ይመለከታል። አብዛኞቹ የድሮ የቤተሰብ ቀረፃዎች የተቀዱት ወርዳቸውና ቁመታቸው አራት ለሦስት በሆነ ምስል ነው፤ የዛሬው ስክሪን ግን አሥራ ስድስት ለዘጠኝ ነው። ቴሌቪዥኑ ባዶ ቦታ ላለመተው ሲል ምስሉን ወደ ጎን ይለጥጠዋል፤ ቀጭኗ ሙሽራ ትወፍራለች፣ ረጅሙ ሚዜ ያጥራል። በሪሞቱ የምስል ቅርፅ ማስተካከያ ገብቶ አራት ለሦስት የሚለውን መምረጥ በግራና በቀኝ ሁለት ጥቁር ዓምዶች ያመጣል፤ ሰዎቹን ግን ወደ ገዛ መልካቸው ይመልሳል። ሦስተኛው ጉዳይ እንቅስቃሴ ነው። የዘመኑ የቪዲዮ ካሜራ አንዱን ምስል በሁለት ከፍሎ፣ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮችን በአንድ ቅጽበት፣ ሙሉ ቁጥር መስመሮችን በሚቀጥለው ቅጽበት ይቀርፅ ነበር። ሁለቱ ግማሾች በአግባቡ ካልተዋሐዱ በእስክስታ የሚርገፈገፍ ትከሻ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ይህን ማዋሐድ ከማጫወቻውና ከቴሌቪዥኑ የትኛው የተሻለ እንደሚሠራው ሁለቱንም ሞክሮ መምረጥ ይቻላል።

ድምፅም የራሱ ታሪክ አለው። በፋብሪካ የታተሙ ብዙ የፊልም ዲቪዲዎች ‹ዶልቢ ዲጂታል› በተባለው ዘዴ አምስት ዋና ዋና የድምፅ መስመሮችና አንድ ለጎርናና ድምፅ ብቻ የተመደበ መስመር ይይዛሉ። የተዋናዮቹ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከስክሪኑ ሥር ከሚቀመጠው የመሐል ስፒከር ነው። ማጫወቻው ከአምፕሊፋየሩ ጋር በቀይና በነጭ ገመድ ብቻ ከተያያዘ ግን ስድስቱ መስመሮች ወደ ሁለት ተጨፍልቀው ይደርሳሉ፤ ንግግሩ ደክሞ ሙዚቃው ይጮኻል፤ ቤተሰቡም ሌሊቱን ሙሉ ሪሞት ሲጫን ያመሻል። ኤችዲኤምአይ ወይም የብርሃን ገመድ አገናኝቶ፣ በማጫወቻው የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ‹ቢትስትሪም› የሚለውን መምረጥ ችግሩን ያቃልላል። የሠርግና የክርስትና ቀረፃዎች ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት መስመር ድምፅ ብቻ ስላላቸው፣ እነርሱን በስድስት ስፒከር ለመበተን መሞከር የአዝማሪውን ማሲንቆ ከየት እንደሚሰማ የማይታወቅ ያደርገዋል። ለእነርሱ ሁለቱ የፊት ስፒከሮች ይበቃሉ።

በውጭ አገር የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለብቻው የሚገጥመው ሌላ መሰናክል ደግሞ አለ። ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ የተላከ ዲስክ ዋሽንግተን ደርሶ «አይነበብም» ሲባል ብዙዎች ጥፋቱን በ‹ሪጅን› ያመካኛሉ። በእርግጥ የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቀጠና ከፍለውታል፤ አሜሪካና ካናዳ ቀጠና 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ቀጠና 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር ቀጠና 5 ናቸው። ነገር ግን ይህ ቁልፍ የሚገኘው በዋናነት በታላላቅ ኩባንያዎች በታተሙ ፊልሞች ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለ ቪዲዮ ቀራጭ በኮምፒውተሩ የቀዳው የሠርግ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የቀጠና ቁልፍ የለውም። መሰናክሉ ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያ የምትጠቀመው በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳየውን ፓልን ሲሆን፣ አሜሪካ ደግሞ በሰከንድ ወደ 30 የሚጠጋ ምስል የሚያሳየውን ‹ኤንቲኤስሲ› የተባለ ሥርዓት ነው። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠራ አሮጌ ማጫወቻ የፓልን ዲስክ ላያሳይ ይችላል። ኮምፒውተር ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም። «ተበላሽቷል» ተብሎ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ዲስክ ምናልባት ፈጽሞ ያልተበላሸ፣ የሚያነበው መሣሪያ ያጣ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚታረም ነው። የማይታረመው ጉዳይ የዲስኩ የራሱ ዕድሜ ነው። በአንድ ካርቶን ውስጥ የተቀመጡ፣ ለዓይን የሚመሳሰሉ ዲስኮች በተፈጥሯቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። በፋብሪካ የታተመው ዲስክ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ እንደ ማኅተም ተረግጦ የተቀረፀ ጉድጓድ ነው። በኮምፒውተር የተቀዳው ዲስክ ግን ጉድጓድ የለውም፤ መረጃው የተጻፈው ሌዘር በሙቀት በለወጠው ስስ የማቅለሚያ ንብርብር ላይ ነው። ያ ማቅለሚያ ለሙቀት፣ ለፀሐይ ብርሃንና ለእርጥበት ስስ ነው። ሌዘር የጻፈውን ጊዜ ይደመስሰዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2003 ባወጣው መመሪያ ዲስኮች ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ ሙቀቱ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ20 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን መክሯል። የጅዳና የዱባይ በጋ፣ በመኪና ውስጥ የተረሳ ቦርሳ፣ ከማሞቂያ አጠገብ የተደረገ መደርደሪያ ከዚህ ምክር ምን ያህል እንደሚርቁ ማስላት አያዳግትም። ችግሩ ደግሞ የሚብሰው እጅግ ውድ የሆነው ይዘት ያለው በደካማው ዓይነት ዲስክ ላይ በመሆኑ ነው። የሆሊውድ ፊልም በጠንካራው ማኅተም ታትሟል፤ የእናት ምርቃት ግን በማቅለሚያ ላይ ተጽፏል።

ከዚህ በላይ አሳሳቢው ዲጂታል መረጃ የሚጠፋበት መንገድ ነው። የቪኤችኤስ ካሴት ሲያረጅ ያስታውቃል፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ ባለቤቱም ጊዜው እየደረሰ መሆኑን ያያል። ዲቪዲ ግን ስሕተትን የሚያርም ስሌት አብሮት ተጽፎበታል። ጭረትም ሆነ የደበዘዘ ነጥብ ሲያጋጥም ማጫወቻው የጎደለውን ከተቀረው አስልቶ ይሞላዋል፤ ተመልካቹም ምንም አያውቅም። ጉዳቱ ከስሌቱ አቅም በላይ የሆነበት ዕለት ግን ምስሉ ወደ ካሬ ካሬ ይበጣጠሳል፣ ይቆማል፤ በመጨረሻም ማጫወቻው «ዲስክ የለም» ይላል። ባለፈው ዓመት በጥራት የታየ ሠርግ ዘንድሮ ላይከፈት የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ «አሁን ድረስ ይሠራል» የሚለው ቃል ማረጋገጫ አይሆንም፤ ቢበዛ ዕድሉ ገና እንዳላለፈ የሚናገር ነው።

ማጫወቻውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። የሌዘሩ ዓይን አቧራ ይለብሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። በብዙ ማጫወቻዎች ውስጥ ዲስክ ማስቀመጫውን የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቀበቶም ይላላል። የታተሙ ፊልሞችን እያነበበ በቤት የተቀዱትን የማያነብ ማጫወቻ ዓይኑ መድከሙን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ምትኩም እየሳሳ ነው። ሳምሰንግ በ2019 ለአሜሪካ ገበያ አዳዲስ የብሉሬይ ማጫወቻዎችን ማቅረብ እንደሚያቆም አስታውቋል፤ በ1998 ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት ሥራውን የጀመረው ኔትፍሊክስም የመጨረሻዎቹን ዲስኮች የላከው በመስከረም 2023 ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ማስገቢያ ይዘው መምጣታቸው ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ሁለት ሰዓቶች በአንድ ጊዜ እየቆጠሩ ነው፤ አንዱ የዲስኩ፣ ሌላው የማንበቢያው። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ቢቆም ውጤቱ አንድ ነው።

«ሁሉም ነገር በኢንተርኔት አለ» የሚለው መከራከሪያ በአግባቡ መመዘን ይገባዋል። ለአዲስ ፊልም እውነት ነው፤ በፎር ኬ የሚተላለፍ ፊልም ከዲቪዲ እጅግ የላቀ ምስል አለው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በኢንተርኔት የሚታይ ፊልም በተመልካቹ እጅ የለም፤ ፈቃዱ ሲያበቃ ከዝርዝሩ ይወጣል። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1993 የወጣው ይህ ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ስለነሱት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ከከተማ ከተማ እየዞሩ አዳራሽ ተከራይተው አሳዩት፤ በስሙም ዋሽንግተን ውስጥ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። ታድሶ በኔትፍሊክስ የቀረበው በ2021 ነው። በመካከሉ 28 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ዓመታት ፊልሙን በቤቱ ማየት ለሚሻ ሰው መተማመኛው በእጁ ያለ ቅጂ ነበር። ዓለም የሚያውቀው ፊልም ይህን ያህል ከጠበቀ፣ በ2000ዎቹ በቪሲዲ ተሽጠው የተረሱ አማርኛ ፊልሞች፣ ከዚያም አልፎ የአንድ ቤተሰብ ሠርግ በራሱ ፈቃድ ወደ ኢንተርኔት ይመጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እንግዲህ ለዴኩ የቀረው ሥራ ግልጽ ነው፤ በዲስኩ ላይ ያለውን በሕይወት ማሻገር። ሥራው የባለሙያ እጅ አይፈልግም። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ማንበቢያ፣ አንድ ኮምፒውተርና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይበቃሉ። በቤት የተቀዳ ዲስክ የቅጂ መከላከያ ቁልፍ ስለሌለው በውስጡ ያለውን ‹ቪዲዮ ቲኤስ› የተባለ ማኅደር እንዳለ መገልበጥ ይቻላል፤ በዚህ መንገድ የተገለበጠ ቅጂ ከጥራቱ አንዲት ነጥብ አያጣም። ቴሌቪዥኑን በስልክ ካሜራ መቅረፅ ግን የደበዘዘውን ይበልጥ ማደብዘዝ ነው። ስሌቱም አያስፈራም። እያንዳንዳቸው እስከ ጥግ የሞሉ መቶ ባለ አንድ ንብርብር ዲስኮች 470 ጊጋባይት ስለሚሆኑ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ግማሹ እንኳ አይሞላም። መጀመር ያለበት ከድሮዎቹና ደግሞ ሊቀረፅ ከማይችለው ነው፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ድምፅ ካለበት ዲስክ። የቆሸሸ ዲስክ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጠረጋል እንጂ በዙሪያው አይታሽም። አንዱ ማንበቢያ እምቢ ያለውን ዲስክ ሌላው ሊቀበለው ስለሚችል ሳይሞክሩ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ አሮጌው ዴክ ራሱ አንዳንዴ ከአዲሱ የተሻለ ያነባል። ሙዚቃና ፊልም የሠሩ ባለሙያዎችን ሥራ አባዝቶ መሸጥ ወይም መበተን ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሰው ድካም ባለቤት አለውና።

በዚህ ጉዳይ ዳር የሚቆም ሰው ሁልጊዜ አንድ ምክንያት አያጣም፤ ጊዜ የለም፣ ዘንድሮ ይቅር፣ ለልጆቹ ይተው። ልጆቹ ግን ካርቶኑን በሚረከቡበት ጊዜ ማንበቢያውም አይኖራቸውም፣ በምስሉ ላይ ያለው ሽማግሌ የማን አባት እንደሆነም አይለዩም። ስለዚህ መገልበጡ ብቻ በቂ አይደለም፤ ወላጆች ባሉበት፣ በትልቁ ስክሪን ላይ እየታየ፣ ማን ማን እንደሆነ፣ የት እንደነበረና በየትኛው ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ መመዝገብ አለበት። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከሳሎኑ ሲኒማ የተሻለ ቦታ የለም። በስልክ መስኮት ላይ የማይለይ ፊት በግድግዳው ስክሪን ላይ ይለያል፤ በመሐል ስፒከሩ የጠራ ድምፅ ደግሞ አያትን ለማያውቅ የልጅ ልጅ አያቱን ያስተዋውቃል።

የተገለበጠውም ቢሆን በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ አደጋው አልተወገደም፤ ሃርድ ዲስክም ይሞታልና። ቢያንስ ሁለት ቅጂ፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች መኖር አለበት። በዚህ በኩል የተበተነ ቤተሰብ ከማንም በላይ የታደለ ነው። አንዷ እህት ሜሪላንድ፣ ወንድሟ ስቶክሆልም፣ ታናሻቸው ሪያድ፣ ወላጆቻቸው አዲስ አበባ ከሆኑ፣ አንድ እሳት ወይም አንድ ጎርፍ አራቱንም ቅጂዎች አያገኛቸውም። እነዚያ ዲስኮች መጀመሪያውኑ ባሕር የተሻገሩት በአካል ሠርጉ ላይ መገኘት፣ ለቅሶው ላይ መድረስ ላልቻለ ሰው ነበር። ያ ርቀት ዛሬ ለትውስታው መጠበቂያ ሊሆን ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ካርቶኑ የሚከፈትበት ጊዜ ዲስኮቹ ገና ሲነበቡ ነው። ይህ ሥራ ከተጠናቀቀ በኋላ ዴኩን ማቆየትም ሆነ መሸኘት የየቤቱ ምርጫ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ከአዲሱ ቴሌቪዥን ሥር አንድ መደርደሪያ ሊለቀቅለት ይገባል።